ነጻነት ለእኛ ብቻ ወይስ ለሁሉም? የቀደሙት ባፕቲስቶች ታሪክ ለዛሬው አገልጋይ

ውድ አንባቢ፣ በቤተ ክርስቲያንዎ ያሉ አረጋውያን ስለ ስደቱ ዘመን ሲተርኩ ሰምተው ይሆናል። በ1964 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ ለአምልኮ የተሰበሰቡ የሙሉ ወንጌል ምእመናን በብዛት ታስረዋል። በ1971 ዓ.ም. የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሐፊ የነበሩት ቄስ ጉዲና ቱምሳ ታፍነው ተወስደው ተገድለዋል። በደርግ ዘመን የብዙ አጥቢያዎች በር ታሽጎ ምእመናን በየቤቱ በሹክሹክታ ዘምረዋል። ይህን ሁሉ የምናስታውሰው እግዚአብሔርን ለማመስገን ነው፤ ማመስገናችንም ተገቢ ነው።

ነገር ግን ከምስጋናው ጋር አብሮ ሊነሣ የሚገባው ጥያቄ አለ። ያኔ እንጸልይ የነበረው ስለ ምን ነበር? ነጻነት ለእኛ እንዲሰጠን ነው ወይስ ማንም ሰው ስለ እምነቱ እንዳይታሰር? ሁለቱ ልመናዎች በእስር ቤት ውስጥ ሆነው ሲሰሙ አንድ ይመስላሉ። ልዩነታቸው የሚታየው በሩ ከተከፈተ በኋላ ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ በ17ኛውና በ18ኛው መቶ ዘመን ይህን ጥያቄ በሕይወታቸው የመለሱ ክርስቲያኖችን ታሪክ ማየትና፣ ፍትሕ፣ ነጻነትና ሚዛናዊነት ለመንጋው እረኛ ምን ማለት እንደ ሆኑ መጠየቅ ነው። የውጭ አገር ታሪክ ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር የተጻፉ መሆናቸውን አንባቢ ያስተውል።

የተሳደዱት ሲያሳድዱ

የመጀመሪያዎቹ ክርስቲያኖች ሥልጣን አልነበራቸውም። በ212 አካባቢ የካርቴጁ ተርቱሊያን ለሮማዊው አገረ ገዥ ለስካፑላ ሲጽፍ፣ ሃይማኖት በግድ የሚሆን ነገር እንዳልሆነና አምላክ ያለ ፈቃድ የቀረበለትን መሥዋዕት እንደማይሻ አስረድቷል። ከሁለት መቶ ዓመት በኋላ ግን ነገሩ ተገለበጠ። ቤተ ክርስቲያን ከቤተ መንግሥቱ አጠገብ ቆማ ነበር፤ በዚያው በሰሜን አፍሪካ ታላቁ አውግስጢኖስ በዶናቲስቶች ላይ የመንግሥት ኃይል መጠቀሙን ደገፈ። ለዚህም በሉቃስ 14፥23 ያለውን፣ እንግዶቹ ይገቡ ዘንድ ግድ በላቸው የሚለውን የምሳሌውን ቃል ጠቀሰ። ይህ ትርጓሜ ለአንድ ሺህ ዓመት ያህል የአሳዳጆች መከላከያ ሆኖ አገልግሏል።

ይህ የሌሎች ታሪክ ብቻ እንዳይመስለን። በ1527 በዙሪክ ከተማ ፊሊክስ ማንዝ የተባለው አናባፕቲስት በወንዝ ውስጥ ተሰጥሞ ሲገደል፣ ፍርዱን ያጸደቀው የተሐድሶውን ወንጌል የተቀበለ የከተማ ምክር ቤት ነበር። በ1553 ሚካኤል ሰርቪተስ በጄኔቫ ሲቃጠልም ከተማዋ የተሐድሶ ከተማ ነበረች። አባቶቻችን ጸጋን እንደ ገና አገኙት፤ ሰይፉን ግን ከእጃቸው ለማስቀመጥ ጊዜ ወስዶባቸዋል።

የእንግሊዝ ፒዩሪታኖችም እንዲሁ ናቸው። በአገራቸው ጳጳሳት ስለ ተገፉ ውቅያኖስ ተሻግረው በ1630 በማሳቹሴትስ ቤይ ሰፈሩ። ገና በሚቀጥለው ዓመት የመምረጥ መብት ለቤተ ክርስቲያን አባላት ብቻ እንዲሆን ወሰኑ። በ1644 ባፕቲስቶችን የሚያባርር ሕግ አወጡ። በ1651 ኦባድያ ሆምዝ የተባለውን የባፕቲስት ሰባኪ በቦስተን አደባባይ 30 ጅራፍ ገረፉት። ከ1659 እስከ 1661 ባለው ጊዜ ደግሞ አራት ኩዌከሮችን ሰቀሉ፤ አንዷ ሜሪ ዳየር የተባለች እናት ነበረች። እነዚህ ሰዎች ግብዞች ብቻ ነበሩ ብለን ብናልፋቸው ትምህርቱ ያመልጠናል። ጸሎተኞች፣ መጽሐፍ ቅዱስን የሚወዱ፣ ስለ እምነታቸው ቤታቸውን ትተው የተሰደዱ ነበሩ። ይሁን እንጂ ሲለምኑ የነበረው ለእውነት ነጻነት እንዲሰጥ ነበር፤ እውነቱ ደግሞ በእነርሱ እጅ እንዳለ አልተጠራጠሩም። “ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ” እንደሚባለው ነው።

ለንጉሡ የተላከ መጽሐፍ

ሌላውን መንገድ ከከፈቱት አንዱ ቶማስ ሄልዊስ ነው። በ1608 አካባቢ ከነጆን ስሚዝ ጋር ስደትን ሸሽቶ አምስተርዳም ገባ። እዚያ ግን ብዙ አልቆየም። እረኛ መንጋውን በአደጋ መካከል ትቶ መሸሽ የለበትም ብሎ አምኖ ጥቂት ምእመናንን ይዞ ወደ እንግሊዝ ተመለሰ፤ በ1612 በለንደን ስፒታልፊልድስ በተባለ ስፍራ በእንግሊዝ ምድር የመጀመሪያዋን የባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን መሠረተ።

በዚያው ዓመት ስለ ዓመፅ ምስጢር የሚናገር መጽሐፍ አሳተመና አንዱን ቅጂ በእጁ ጽሑፍ መልእክት አክሎበት ለንጉሥ ጄምስ ቀዳማዊ አዘጋጀ። መልእክቱ በአጭሩ ንጉሡ ሟች ሰው እንጂ አምላክ እንዳልሆነና በማትሞተው የተገዦቹ ነፍስ ላይ ሥልጣን እንደሌለው የሚያሳስብ ነበር። ሄልዊስ በምድራዊ ነገር ለንጉሡ መታዘዝ እንደሚገባ አልካደም፤ ሮሜ 13ን ያምን ነበር። በመጽሐፉ ውስጥ የሚያስደንቀው ግን ነጻነቱን ለማን እንደ ጠየቀ ነው። ለባፕቲስቶች ብቻ አልጠየቀም። በዚያ ዘመን እንግሊዛውያን እጅግ ይጠሏቸውና ይፈሯቸው ለነበሩት ለካቶሊኮች፣ ለአይሁድ፣ ለሙስሊሞች፣ መናፍቃን ለሚባሉትም ጭምር ጠየቀ። ሰው ስለ እምነቱ መልስ የሚሰጠው በእግዚአብሔር ፊት ስለ ሆነ ምድራዊ ዳኛ በመካከል ሊገባ አይችልም አለ። ንጉሡ ወደ ኒውጌት እስር ቤት ላከው፤ በ1616 አካባቢም ሞተ።

ሄልዊስ ሃይማኖቶች ሁሉ እኩል እውነት ናቸው ያለ ሰው አልነበረም። ከሁሉም ጋር አጥብቆ ተከራክሯል። ለተቃዋሚዎቹ ነጻነትን የጠየቀው ለእውነት ግድ ስለሌለው ሳይሆን፣ እውነት የሚያሸንፈው በቃልና በመንፈስ እንጂ በኃይል እንዳልሆነ ስላመነ ነው (ዘካ. 4፥6፤ 2ቆሮ. 10፥4)።

እርሻው ዓለም ነው

ሮጀር ዊልያምስ በ1631 ክረምት ቦስተን ሲደርስ ወጣት አገልጋይ ነበር። ብዙም ሳይቆይ ከማሳቹሴትስ ባለሥልጣናት ጋር ተጋጨ። የምድር ዳኛ የሕጉን የመጀመሪያ ጽላት፣ ማለትም ሰው ለእግዚአብሔር ያለበትን ግዴታ፣ በቅጣት ሊያስፈጽም አይገባውም አለ። መሐላ አምልኮ ስለ ሆነ ያላመነን ሰው ማስማል የእግዚአብሔርን ስም በከንቱ ማስጠራት ነው አለ። የእንግሊዝ ንጉሥም የራሱ ያልሆነውን የአገሬውን ሕዝብ መሬት በወረቀት ሊሰጥ አይችልም አለ። በጥቅምት 1635 ከግዛቱ እንዲባረር ተፈረደበት። በጥር 1636 ሊይዙት ሲመጡ በበረዶ መካከል አመለጠ፤ ክረምቱንም ያሳለፈው በአገሬዎቹ ሕዝቦች ቸርነት ነው። ከናራጋንሴት አለቆች ከካኖኒከስና ከሚያንቶኖሚ መሬት ተቀብሎ የመሠረተውን መንደር ፕሮቪደንስ አለው፤ የእግዚአብሔር መግቦት ማለት ነው።

የፕሮቪደንስ ነዋሪዎች የጋራ ውሳኔን ለማክበር ሲፈራረሙ፣ በማኅበራዊ ጉዳይ ብቻ የሚል ገደብ አኖሩበት። ይህ ገደብ ወዲያው ተፈተነ። በ1638 ጆሽዋ ቬሪን የተባለ ነዋሪ ሚስቱ ወደ አምልኮ ስብሰባ እንዳትሄድ ከለከላት፤ ደበደባትም። አንዳንዶች ሚስት ለባልዋ ትገዛ የሚለውን ቃል ጠቅሰው ተከራከሩለት። መንደሩ ግን የኅሊና ነጻነትን ገድቧል ብሎ የመምረጥ መብቱን ነፈገው። በዚያ ዘመን የአንዲት ሚስት ኅሊና ከባልዋ ፈቃድ በላይ መከበሩን ልብ ይበሉ። ነጻነት ለወንዶች፣ ለአባወራዎች ወይም ለሽማግሌዎች ብቻ የተሰጠ ስጦታ አልነበረም።

ዊልያምስ በ1644 ለንደን ውስጥ ስለ ስደት ደም አፍሳሽ ትምህርት ያሳተመው መጽሐፍ ከቦስተኑ መምህር ከጆን ኮተን ጋር ያደረገው ክርክር ነው። ኮተን፣ መናፍቅ የሚቀጣው ስለ ኅሊናው አይደለም፤ በሚገባ ከተመከረ በኋላ በገዛ ኅሊናው ላይ ስለሚያምፅ ነው ይል ነበር። ዊልያምስ የዚህን ክርክር አደጋ አሳየ። እውነትን በሰይፍ የመጠበቅ ሥልጣን ለዳኛ ከተሰጠ የተሰጠው ለዳኛ ሁሉ ነው፤ ክርስቲያን ላልሆነው ገዥም ጭምር። በለንደን እኔን ደስ የሚያሰኝ ሕግ በሌላ አገር ወንድሜን ይገድላል።

ከሁሉ ይልቅ የተደገፈው ግን በስንዴውና በእንክርዳዱ ምሳሌ ላይ ነው (ማቴ. 13፥24-30)። ኮተን እርሻው ቤተ ክርስቲያን፣ እንክርዳዱም በውስጥዋ ያሉ ግብዞች ናቸው ብሎ ተረጎመ። ዊልያምስ ወደ ቁጥር 38 ወሰደው፦ ጌታ ራሱ እርሻው ዓለም ነው ብሎ ተርጉሞታል። እንግዲህ በዓለም ውስጥ እንክርዳድ የሚመስለንን መንቀል አልታዘዝንም፤ መከሩ የመላእክት ነው። ዛሬ የምንነቅለው ሰው ነገ ስንዴ ሊሆን ይችላል። በቤተ ክርስቲያን ውስጥ ግን ተግሣጽ አለ፤ እርሱም ቃልና ማኅበር የሚሰጡት መንፈሳዊ ተግሣጽ እንጂ ጅራፍ አይደለም። የዊልያምስን አፈታት በሁሉም ነጥብ ባንቀበለው እንኳ፣ ምሳሌውን የምንሰብክ ሁሉ ለቁጥር 38 መልስ አለብን።

ነጻነት ሥርዓት አልባነት እንዳይመስል ደግሞ በ1655 ለፕሮቪደንስ ሰዎች በመርከብ መስሎ ጻፈላቸው። በአንድ መርከብ ላይ ካቶሊክ፣ ፕሮቴስታንት፣ አይሁዳዊና ሙስሊም ቢሳፈሩ ማንም ወደ መርከቡ ጸሎት ሊገደድ ወይም ከራሱ ጸሎት ሊከለከል አይገባም። የመርከቡ አዛዥ ግን ጉዞውን ይመራል፤ ሁሉም ክፍያቸውን ይከፍላሉ፤ በመርከቡ ላይ ሰላምና ፍትሕ እንዲጠበቅ ያዝዛል፤ ሁከት የሚያነሣውንም ይቀጣል። መንግሥት የመርከቡ አዛዥ እንጂ የተሳፋሪዎቹ የነፍስ አባት አይደለም።

የዊልያምስ እውነተኛ ፈተና የመጣው ኩዌከሮች ሲመጡ ነው። ትምህርታቸውን ይጠላው ነበር፤ በ1672 ሽማግሌ ሆኖ ሳለ ከመምህራኖቻቸው ጋር በአደባባይ ለቀናት ተከራከረ፤ ከዚያም በጠንካራ ቃል የተሞላ መጽሐፍ ጻፈባቸው። ነገር ግን ጎረቤት ግዛቶች ኩዌከሮችን እንዲያባርሩ በ1657 ሲጠይቁ ሮድ አይላንድ እምቢ አለች። ማሳቹሴትስ ሰቀለቻቸው፤ ዊልያምስ ተከራከራቸው። ይህ ልዩነት ለአገልጋይ ብዙ ያስተምራል።

ከመቻቻል ወደ መብት

ከመቶ ዓመት በኋላ በቨርጂኒያ የአንግሊካን ቤተ ክርስቲያን የመንግሥት ቤተ ክርስቲያን ነበረች። ከ1768 ጀምሮ ያለ ፈቃድ የሚሰብኩ ባፕቲስቶች ሰላም በማደፍረስ እየተከሰሱ ታሰሩ። በኩልፔፐር እስር ቤት ጄምስ አየርላንድ በመስኮቱ ፍርግርግ በኩል ውጭ ለቆመው ሕዝብ ይሰብክ ነበር። ስለ ባፕቲስቶች መታሰር ያወቀ ጄምስ ማዲሰን የተባለ ወጣት በጥር 1774 ለጓደኛው በጻፈው ደብዳቤ ቁጣውን ገልጿል። በ1776 የቨርጂኒያ የመብቶች መግለጫ ሲረቀቅ በረቂቁ ላይ ስለ ሃይማኖት የተጻፈው ቃል መቻቻል ነበር። ማዲሰን ተቃወመ፤ በእርሱም ግፊት ሰው ሁሉ ሃይማኖቱን በነጻነት የመፈጸም እኩል መብት አለው ወደሚል ሐሳብ ተለወጠ።

ልዩነቱ የቃላት ብቻ አይደለም። መቻቻል በጎ ጠባይ ነው፤ ጎረቤትን የሚያኖር ነው። ሕግ ሲሆን ግን የሚችል እና የሚቻል ሁለት ወገን ይፈጥራል። ዛሬ የቻለኝ ነገ ቢሰለቸው ምን እሆናለሁ? መብት ግን ከሰው ችሮታ የሚሰጥ ሳይሆን ሰው በእግዚአብሔር መልክ በመፈጠሩ ያለው ነው።

በ1784 ሌላ ፈተና መጣ። ፓትሪክ ሄንሪ ለክርስትና መምህራን መደጎሚያ ግብር እንዲሰበሰብና ከፋዩ ራሱ ወደሚፈልገው ቤተ ክርስቲያን እንዲያስተላልፍ ሐሳብ አቀረበ። ገንዘቡ ለባፕቲስቶችም ይደርስ ነበር። ትናንት የታሰሩት ዛሬ ከመንግሥት እጅ ሊካሱ ነው። ባፕቲስቶች ግን አንፈልግም አሉ፤ ወንጌል በፈቃድ ስጦታ እንጂ በግብር አይደገፍም፤ የማያምንም ሰው ለማያምንበት ስብከት ሊከፍል አይገባውም ብለው አቤቱታ ፈረሙ። ሐሳቡ ወደቀ። በምትኩ ጀፈርሰን ያረቀቀው የሃይማኖት ነጻነት ሕግ በጥር 1786 ጸደቀ። በ1791 የአሜሪካ ሕገ መንግሥት የመጀመሪያ ማሻሻያ ተከተለ። ስለዚህ ዴሞክራሲያዊ ነጻነት የተወለደው ከሃይማኖት የለሾች ብቻ ነው የሚለው አባባል ትክክል አይደለም፤ በመወለጃው ክፍል ውስጥ የተገረፉ ሰባኪዎች ነበሩ።

ታሪኩ የሚያፍርበት ገጽ

እውነተኛ ታሪክ ግን የወዳጆቹንም ጥፋት አይሸፍንም። በ1675 በአገሬዎቹ ሕዝቦችና በእንግሊዛውያን መካከል ጦርነት ተነሣ፤ በመጋቢት 1676 ፕሮቪደንስ ተቃጠለች። ከጦርነቱ በኋላ የተማረኩት ሰዎች ለአገልጋይነት ሲሸጡ፣ ሽያጩን ከሚያስፈጽሙት ሰዎች አንዱ ዊልያምስ ነበር። በበረዶ መካከል ያስጠጉት የእነዚህ ሕዝቦች ወገኖች ነበሩ። በ1652 በሮድ አይላንድ ባርነትን በአሥር ዓመት የሚገድብ ሕግ ቢወጣም አልተከበረም፤ በሚቀጥለው መቶ ዘመን ያቺው ግዛት በባሪያ ንግድ ስመ ጥር ሆነች። በቨርጂኒያም ጆን ሌላንድ የተባለ ሰባኪ ባርነት የተፈጥሮ መብትን የሚገፍፍ ግፍ ነው የሚል ውሳኔ ለባፕቲስቶች ጠቅላላ ጉባኤ በ1789 አቅርቦ ነበር። ብዙ አጥቢያዎች ግን ጥቅማቸው ስለ ተነካ አልተቀበሉትም፤ በ1793 ጉባኤው ጉዳዩ የሕግ አውጪዎች ነው ብሎ ተወው።

ይህን ሲያነቡ ዘጸአት 23፥9ን ያስታውሱ። እስራኤል በግብፅ እንግዳ ስለ ነበረ የእንግዳን ነፍስ ያውቃል፤ ስለዚህ እንግዳን አያስጨንቅ ተባለ። መገፋት በራሱ ሰውን ጻድቅ አያደርግም። የመገፋት ትዝታ ወደ ሕግና ወደ ልማድ ካልተለወጠ በአንድ ትውልድ ይረሳል።

ለእኛስ?

አገራችን የራስዋ መንገድ አላት። የ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ለየትኛውም ሃይማኖት ሥርዓተ አምልኮ በሕግ መሠረት ነጻነት ሰጥቶ ነበር፤ ሆኖም በዚያው ሕግ ዘመን ምእመናን ታስረዋል። የተጻፈ መብት ጠባቂ ካጣ ወረቀት ነው። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 11 መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ መሆናቸውን፣ መንግሥታዊ ሃይማኖት እንደማይኖርና አንዱ በሌላው ጣልቃ እንደማይገባ ይደነግጋል። አንቀጽ 25 እኩልነትን፣ አንቀጽ 27 የሃይማኖት፣ የእምነትና የአመለካከት ነጻነትን ያረጋግጣሉ። እነዚህ አንቀጾች የእኛ ብቻ ጋሻ አይደሉም። እኛን የሚጠብቀን ቃል የማይስማማንንም ጎረቤት ይጠብቀዋል።

እንግዲህ ከዚህ ታሪክ ሦስት ነገሮችን በአገልግሎታችን መመዘኛ ልናደርጋቸው እንችላለን።

ፍትሕ ሰውን በማንነቱ አለመመዘን ነው። እግዚአብሔር ፊት አይቶ አያደላም፤ መማለጃም አይቀበልም (ዘዳ. 10፥17-18)። በጉባኤዎ ውስጥ ዳኛ፣ የወረዳ ሠራተኛ ወይም ፖሊስ ይኖር ይሆናል። ለወንድሞች ያድላ ዘንድ ይጠብቁበታል ወይስ ለማንም እንዳያዳላ ያስተምሩታል? የቤተ ክርስቲያናችን የመሬት ጉዳይ በእርሱ ጠረጴዛ ላይ ሲደርስ የምንሰብከው ፍትሕ ይታወቃል።

ነጻነት ደግሞ በኅሊና ላይ ያለውን ሥልጣን ለጌታ መተው ነው። ልጁ ሃይማኖት ሲለውጥ ከቤት የሚያባርር አባት በሌላ ቤት ሲኖር እናወግዘዋለን። በእኛ ቤትስ? ሳምራውያን ኢየሱስን ባልተቀበሉት ጊዜ ደቀ መዛሙርቱ እሳት ከሰማይ ሊያወርዱ ወደዱ፤ እርሱ ግን ገሠጻቸው፤ ወደ ሌላ መንደርም ሄዱ (ሉቃ. 9፥51-56)። ወንጌልን ያልተቀበለ ሰው ሲገጥመን የጌታችን መንገድ ይህ ነው።

ሚዛናዊነት ማቴዎስ 7፥12ን በሕዝብ ጉዳይ ላይ ማዋል ነው። አያቶቻችን ሙታናቸውን የሚቀብሩበት ስፍራ ተነፍገው ያውቃሉ። ስለዚህ እኛ ብዙ በሆንንበት ስፍራ ሌላ እምነት ያለው ጎረቤት የመቃብር ወይም የአምልኮ ቦታ ሲጠይቅ፣ የመጀመሪያው ድጋፍ ከእኛ መምጣት አለበት። ይህን ማድረግ በትምህርቱ መስማማት አይደለም። ዊልያምስ ከኩዌከሮች ጋር እንዳደረገው፣ ጠዋት ስለ መብቱ ቆመን ከሰዓት በኋላ ስለ ክርስቶስ ልንመሰክርለት እንችላለን። እንዲያውም ምስክርነታችን የሚሰማው ያኔ ነው።

ውድ አንባቢ፣ በሚቀጥለው እሑድ ስለ ነገሥታትና ስለ መኳንንት ስንጸልይ (1ጢሞ. 2፥1-2) ጸሎታችንን ትንሽ እናስፋው። በጸጥታ እንድንኖር ብቻ ሳይሆን ጎረቤታችንም በጸጥታ እንዲኖር እንለምን። ከዚያም ከጸሎቱ ተነሥተን ስሙን የምናውቀውን አንድ ጎረቤት እናስብ፤ እምነቱ ከእኛ የተለየ፣ ዛሬ በሩ የተዘጋበት። አረጋውያኖቻችን በር ሲዘጋባቸው ማን አጠገባቸው እንደ ቆመና ማን እንዳለፋቸው እስከ ዛሬ ያስታውሳሉ። እርሱም ያስታውሳል።